ፋይናንሺያል አካውንቲንግን በኦንላይን ለምትማሩ፦ አንድ ድርጅት በደብተር ይዞ መዝለቅ

በመግቢያ ፋይናንሺያል አካውንቲንግ ውስጥ ያለው ሂሳብ ቀላል ነው። መደመር፣ መቀነስ፣ አልፎ አልፎ ማባዛትና ማካፈል። ከዚያ አያልፍም። ግን ብዙ ተማሪ ይቸገርበታል፤ በኦንላይን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መምህሩ በቪዲዮ ሲሠራው ሁሉም ነገር ይገባናል። ቪዲዮውን ዘግተን ባዶ ወረቀት ፊት ስንቀመጥ ግን እጃችን አይሄድም።

ሌላም ችግር አለ። ትምህርቱ በሞጁል ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። አንድ ሳምንት ጆርናል (ግብይት በየተራ የሚጻፍበት መዝገብ)፣ ሌላ ሳምንት ማስተካከያ፣ ቀጥሎ መግለጫዎች። ተማሪው ኩዊዞቹን አንድ በአንድ ያልፋል። መጨረሻ ላይ ግን ነገሩ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ይጠፋበታል።

ስለዚህ የእኔ ዋና ምክር ይህ ነው። አንድ ትንሽ ድርጅት በደብተራችሁ ፍጠሩ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው ያዙት። ኮርሱ አዲስ ነገር ባስተማረ ቁጥር እዚያው ድርጅት ላይ ሥሩት። ከዚህ በታች አንድ የኮምፒውተር ጥገና ድርጅት ይዤ መንገዱን አሳያችኋለሁ። እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ብትሠሩ ይሻላል።

ኮርሱ ሳይጀመር

መጀመሪያ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። ብዙ ኮሌጆች ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርትና ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይገምታሉ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ15 ሳምንት ሲሰጥ በሳምንት 9 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ያው ኮርስ በ8 ሳምንት ከታጨቀ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ሙሉ ቀን ሥራ ላይ የምትውሉ ከሆነ ይህን ሳታሰሉ የ8 ሳምንቱን አትመዝገቡ። ሰዓቱንም በየቀኑ ከፋፍሉት። አካውንቲንግ ቅዳሜ ማታ ተቀምጠው በአንዴ የሚጨርሱት ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ሲለበሱን (የኮርሱን ዕቅድና ደንብ የያዘውን ሰነድ) ሙሉውን አንብቡና ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የማስረከቢያው ሰዓት በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የቤት ሥራው ስንት ጊዜ መሞከር እንደሚፈቅድ። ሦስተኛ፣ ኮርሱ የሚከተለው የሂሳብ አያያዝ ደንብ ዓለም አቀፉ አይኤፍአርኤስ ነው ወይስ የአሜሪካው ጋፕ። በመግቢያ ደረጃ አብዛኛው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ጥቂት ቦታ ላይ ግን ይለያያሉ። ለምሳሌ ሊፎ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል) የሚባለው የዕቃ ክምችት አሰላል በአሜሪካው ጋፕ ይፈቀዳል፣ በአይኤፍአርኤስ አይፈቀድም። ዩቲዩብ ላይ ያገኛችሁት ማብራሪያ ከመጽሐፋችሁ ጋር አልገጥም ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

መጽሐፍን በተመለከተ፣ የቤት ሥራ መግቢያ ኮድ አብሮት የሚመጣ መሆኑን ሳትጠይቁ አትግዙ። ያገለገለ መጽሐፍ ርካሽ ነው፣ ኮዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ተሠርቶበታል። ለተጨማሪ ልምምድ በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ውጥን የሆነው ኦፕንስታክስ ነጻ የፋይናንሺያል አካውንቲንግ መማሪያ አለው። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ መስመር ያለው ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና ተራ ካልኩሌተር ነው። ኤክሴልን ለኋላ አቆዩት። ድምሩን ራሱ ስለሚሠራላችሁ የት እንደተሳሳታችሁ ለማየት ዕድል አይሰጣችሁም።

ቀመሩና ሁለቱ ጎኖች

ሀብት = ዕዳ + ካፒታል።

በግራ በኩል ድርጅቱ ያለው ነገር አለ። በቀኝ በኩል ያ ነገር በማን ገንዘብ እንደመጣ አለ። ወይ ከአበዳሪ ነው፣ ወይ ከባለቤት። ሦስተኛ ምንጭ የለም። ገቢ የባለቤቱን ድርሻ ያሳድጋል፣ ወጪ ይቀንሰዋል። ባለቤቱ ለግሉ ገንዘብ ሲያወጣም ድርሻው ይቀንሳል፤ ይህኛው ግን የድርጅቱ ወጪ ተብሎ አይመዘገብም።

ዴቢት ማለት ግራ ነው፣ ክሬዲት ማለት ቀኝ ነው። በቃ። ጥሩና መጥፎ የሚባል ነገር የለበትም። ሀብትና ወጪ በዴቢት ይጨምራሉ። ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ በክሬዲት ይጨምራሉ። ለመቀነስ ተቃራኒውን ነው። በቃላችሁ እንድትይዙ የምጠይቃችሁ ይህችን ብቻ ነው። ሌላውን መሸምደድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚደናገረው በባንክ ምክንያት ነው። ባንኩ «ሂሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል» ብሎ መልእክት ሲልክ ገንዘባችን ጨመረ ማለት ነው። መጽሐፉ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባንኩ የሚጽፈው በራሱ መዝገብ ነው። እናንተ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ በክሬዲት ይጨምራል። በእናንተ መዝገብ ያው ገንዘብ ሀብት ነው። ሁልጊዜ «ይህ የማን መዝገብ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ።

ዘዴው ራሱ የቆየ ነው። ሉካ ፓቺዮሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴና የሂሳብ ሊቅ፣ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ባለ ሁለት ጎን አመዘጋገብ በ1494 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ዛሬ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውም ያው ግራና ቀኝ ነው።

ድርጅቱን ክፈቱና መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ግብይት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የትኞቹ ሂሳቦች ተነኩ? እያንዳንዱ ከአምስቱ (ሀብት፣ ዕዳ፣ ካፒታል፣ ገቢ፣ ወጪ) ከየትኛው ወገን ነው? ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ሦስቱን ከመለሳችሁ ዴቢትና ክሬዲቱ ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን መልሱን በቃላት ጻፉት፤ የሰነፍ ሥራ ይመስላል እንጂ ጊዜ የሚቆጥበው ይሄ ነው።

የጥገና ድርጅታችን የመጀመሪያ ወር እንዲህ ነበር እንበል።

ባለቤቱ 50,000 ጥሬ ገንዘብ አስገባ። ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 50,000፣ ካፒታል ክሬዲት 50,000።

በ24,000 መሣሪያ ተገዛ፤ 10,000 ወዲያው ተከፈለ፣ ቀሪው በዱቤ ሆነ። መሣሪያ ዴቢት 24,000፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 10,000፣ ተከፋይ ሂሳብ ክሬዲት 14,000። እዚህ ሦስት ሂሳብ ተነክቷል። ችግር የለውም፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን እንጂ ሂሳቦቹ ሁለት ብቻ እንዲሆኑ ግድ አይደለም።

የ6 ወር ኪራይ 18,000 በቅድሚያ ተከፈለ። ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ዴቢት 18,000፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 18,000። እጃችሁ «የኪራይ ወጪ» ብሎ ሊጽፍ ይሮጣል። ያዙት። ገና አልኖራችሁበትም። በቤቱ የመጠቀም መብት ገዝታችኋል፤ ያ ደግሞ ሀብት ነው።

የ9,000 ሥራ ተሠራ፤ 4,000 በእጅ ተከፈለ፣ 5,000 ደንበኞች ላይ ቀረ። ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 4,000፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ዴቢት 5,000፣ የአገልግሎት ገቢ ክሬዲት 9,000። ገቢው የሚመዘገበው ሥራው ሲሠራ ነው፤ ገንዘቡ እስኪገባ አይጠበቅም። አክሩዋል የሚባለው አሠራር ይህ ነው።

አንድ ደንበኛ ገና ላልተሠራ ሥራ 6,000 ከፈለ። ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 6,000፣ አንኧርንድ ሬቨኑ (ገና ያልተሠራበት ገቢ) ክሬዲት 6,000። ስሙ ውስጥ ሬቨኑ የሚል ቢኖርም ይህ ገቢ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ሥራውን ካልሠራችሁ ገንዘቡን ትመልሳላችሁ። ኩዊዝ የሚያወጡ መምህራን ይህን በጣም ይወዱታል።

ደመወዝ 2,500 ተከፈለ። የደመወዝ ወጪ ዴቢት 2,500፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 2,500።

ቪዲዮ እንዴት ይታያል

መምህሩ ጥያቄውን አንብቦ እንደጨረሰ አቁሙት። መልሱን በደብተር ጻፉ። ከዚያ አጫውቱ። ልክ ከሆናችሁ ማብራሪያውን ፈጠን አድርጋችሁ እለፉት፤ ከተሳሳታችሁ በሌላ ቀለም አርሙና ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ። ስላይድ መገልበጥና በቀለም ያሸበረቀ ማስታወሻ መሥራት ደስ ይላል፣ ግን ብዙም አይጠቅምም። በደብተራችሁ ከማስታወሻ ይልቅ የተሠራ ጥያቄ ሊበዛ ይገባል።

ሌጀር፣ ትራያል ባላንስና የጠፋች ቁጥር አደን

ጆርናሉ ላይ የጻፋችሁትን ወደ ሌጀሩ (በየሂሳቡ የተከፋፈለው መዝገብ)፣ ማለትም ግራው ዴቢት ቀኙ ክሬዲት ወደሆነው የ«T» ቅርጽ ያለው ቲ አካውንት አውርዱ። ለእያንዳንዱ ሂሳብ አንድ ቲ። የጥሬ ገንዘቡ ቀሪ 29,500 ሊመጣላችሁ ይገባል። ከዚያ ሁሉንም ቀሪዎች ትራያል ባላንስ በሚባለው ማመሳከሪያ ዝርዝር ላይ ጻፉ። በዴቢት በኩል ጥሬ ገንዘብ 29,500፣ ተሰብሳቢ 5,000፣ ቅድሚያ ኪራይ 18,000፣ መሣሪያ 24,000፣ ደመወዝ 2,500 አለ። በክሬዲት በኩል ተከፋይ 14,000፣ አንኧርንድ ሬቨኑ 6,000፣ ካፒታል 50,000፣ ገቢ 9,000 አለ። ሁለቱም ድምር 79,000 ነው።

አልመጣም? አትደንግጡ፣ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያ አትደምሩም። ልዩነቱን አውጡና ልዩነቱን መርምሩ። መጀመሪያ ያንኑ ቁጥር የሚያህል ሂሳብ ረስታችሁ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ልዩነቱን ለ2 አካፍሉ፤ የዚያን ግማሽ ያህል ቁጥር በተሳሳተ ጎን ጽፋችሁ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ክሬዲቱ በ5,000 በለጠ እንበል። ተሰብሳቢውን 5,000 ዘላችሁታል፣ ወይም 2,500ውን ደመወዝ ክሬዲት በኩል አስቀምጣችሁታል። ሁለት ቦታ ብቻ አይታችሁ ትጨርሳላችሁ። ልዩነቱ ለ9 እኩል የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ሁለት አኃዝ አገላብጣችሁ፣ ወይም ዜሮ ጨምራችሁ ወይም ጥላችሁ ሊሆን ይችላል። 5,400ን 4,500 ብሎ መጻፍ የ900 ልዩነት ያመጣል። 2,500ን 250 ማለት የ2,250። ሁለቱም ለ9 ይካፈላሉ።

አንድ ነገር ግን እወቁ። ትራያል ባላንሱ እኩል ስለመጣ ሥራው ልክ ነው ማለት አይቻልም። ግብይቱን ጭራሽ ካልመዘገባችሁት፣ ሁለቴ ከመዘገባችሁት፣ ወይም መሣሪያውን ወጪ ውስጥ ከጨመራችሁት ሁለቱ ጎኖች ያለ ምንም ጸጸት እኩል ይመጣሉ።

ማስተካከያዎች፦ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉት

አብዛኛው ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። እኔ ብሆን ለዚህ ምዕራፍ ከሌላው እጥፍ ሰዓት እመድብ ነበር። ጆርናል ላይ ደረሰኝ አለ፤ አንድ ነገር ሆነ፣ ጻፋችሁት። ማስተካከያ ላይ ማንም መጥቶ ምንም አይሰጣችሁም። ወሩ አልቋል፤ በዝምታ የተለወጠውን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ።

ድርጅታችን ላይ አራት አሉ።

ኪራዩ። 18,000 ለ6 ወር ነው፤ አንድ ወር አለፈ። የኪራይ ወጪ ዴቢት 3,000፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ክሬዲት 3,000። የቀረው ሀብት 15,000 ነው።

የመሣሪያው የእርጅና ቅናሽ። መሣሪያው 4 ዓመት ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይ ዋጋ አይኖረውም ብለን እንገምት። በቀጥታ መስመር ስሌት 24,000 ለ48 ወር ሲካፈል 500 ነው። የእርጅና ወጪ ዴቢት 500፣ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ክሬዲት 500። መሣሪያውን በቀጥታ ክሬዲት አናደርገውም። የተገዛበት ዋጋ 24,000 እንዳለ ይቆያል፣ ቅናሹ ጎኑ ላይ በራሱ ሂሳብ ይጠራቀማል። አንባቢው መሣሪያው በስንት እንደተገዛም ምን ያህል እንዳረጀም በአንድ ዓይን ያያል።

በቅድሚያ የተቀበልነው 6,000። ከሥራው አንድ ሦስተኛው ተሠርቷል። አንኧርንድ ሬቨኑ ዴቢት 2,000፣ የአገልግሎት ገቢ ክሬዲት 2,000።

ያልተከፈለ ደመወዝ። ሠራተኛው የ700 ሥራ ሠርቷል፣ የሚከፈለው በሚቀጥለው ወር ነው። የደመወዝ ወጪ ዴቢት 700፣ ተከፋይ ደመወዝ ክሬዲት 700።

አራቱንም ተመልከቷቸው። እያንዳንዱ አንድ የትርፍና ኪሳራ ሂሳብና አንድ የሀብትና ዕዳ ሂሳብ ይነካል። ጥሬ ገንዘብን የነካ የለም። ማስተካከያ ስትሠሩ ጥሬ ገንዘብ ከጻፋችሁ ቆም ብላችሁ ጥያቄውን እንደገና አንብቡ፤ በእርግጠኝነት የሆነ ነገር ተምታቷል።

ይህን ያህል ለምን እንለፋለን? ቁጥሩን እዩት። ከማስተካከያው በፊት ገቢ 9,000፣ ወጪ 2,500፣ ትርፍ 6,500 ነበር። ከማስተካከያው በኋላ ገቢው 11,000 ሆነ። ወጪው ደመወዝ 3,200፣ ኪራይ 3,000፣ እርጅና 500፣ በድምሩ 6,700። ትርፉ 4,300 ብቻ ነው። ያው ድርጅት፣ ያው ወር።

ለልምምድ እንዲህ አድርጉ። የእያንዳንዱን ማስተካከያ መልስ ሸፍኑና «ይህ ቢረሳ ትርፍ ይበዛል ወይስ ያንሳል? ሀብትስ? ዕዳስ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የ700ው ደመወዝ ቢረሳ ትርፍ በ700 ይበዛል፣ ዕዳ በ700 ያንሳል፣ ሀብት አይነካም። የምርጫ ጥያቄዎች በአብዛኛው በዚህ መልክ ነው የሚመጡት።

መግለጫዎቹና መዝጊያው

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። መጀመሪያ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ ከዚያ የካፒታል ለውጥ መግለጫ፣ ከዚያ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ወይም ባላንስ ሺት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከመጀመሪያው የተገኘው 4,300 ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ ካፒታሉን 54,300 ያደርገዋል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ሦስተኛው ላይ ይፈለጋል።

ባላንስ ሺቱ ላይ ጥሬ ገንዘብ 29,500፣ ተሰብሳቢ 5,000፣ ቅድሚያ ኪራይ 15,000፣ መሣሪያ ቅናሹ ተቀንሶ 23,500፣ ድምር 73,000። በሌላው በኩል ተከፋይ ሂሳብ 14,000፣ አንኧርንድ ሬቨኑ 4,000፣ ተከፋይ ደመወዝ 700፣ ካፒታል 54,300፣ ድምር 73,000። እዚህ ስትደርሱ ትንሽ ደስታ ይሰማችኋል። ይገባችኋል።

መዝጊያው ቶሎ ያልቃል። ገቢና ወጪ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፣ ልዩነቱ ካፒታል ውስጥ ይገባል። ሀብት፣ ዕዳና ካፒታል አይዘጉም። የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽን የሚዘጋ ተማሪ አይጠፋም፤ ስሙ ወጪ ቢመስልም ባላንስ ሺት ላይ ነው ያለው፣ አትንኩት።

ትርፍ አለ፣ ካሽ የለም

ብዙ ኮርስ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ሰው ሁሉ በደከመበት ሰዓት ማለት ነው። ድርጅታችሁን እስከዚህ ከያዛችሁት ግን ግማሹን ሠርታችሁታል።

ድርጅቱ 4,300 አትርፏል። ከሥራው ስንት ጥሬ ገንዘብ አገኘ? ከትርፉ ተነሱ። እርጅና ገንዘብ አላወጣም፣ 500 መልሱ። ተሰብሳቢ በ5,000 ጨምሯል፤ ያ ያልገባ ገንዘብ ነው፣ ቀንሱ። ቅድሚያ ኪራይ በ15,000 ጨምሯል፣ ቀንሱ። አንኧርንድ ሬቨኑ በ4,000፣ ተከፋይ ደመወዝ በ700 ጨምረዋል፣ ደምሩ። ውጤቱ 10,500 ኔጌቲቭ ነው። መሣሪያ ለመግዛት የወጣው 10,000 ኢንቨስቲንግ (እንደ መሣሪያ ያለ ንብረት ግዢ) ክፍል ይገባል። ባለቤቱ ያስገባው 50,000 ፋይናንሲንግ (ከባለቤትና ከአበዳሪ የሚመጣ ገንዘብ) ክፍል። 50,000 ሲቀነስ 10,000 ሲቀነስ 10,500፣ እነሆ 29,500።

ወጥመዱን አያችሁት? ተከፋይ ሂሳብም በ14,000 ጨምሯል፣ ግን አልደመርነውም። ያ ዕዳ የመጣው ከመሣሪያ ግዢ ነው እንጂ ከዕለት ሥራ አይደለም። ገንዘብ ስላልነካም ዋናው መግለጫ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው በማብራሪያ ይጠቀሳል። ቁጥሮቹን ከባላንስ ሺት ዝም ብሎ የሚያነሳ ተማሪ እዚህ ይወድቃል። ግብይቱን በእጁ የመዘገበ ግን አይስተውም።

ቀሪዎቹን ምዕራፎች እዚያው ድርጅት ላይ

ክምችት ስትደርሱ ድርጅቱ መለዋወጫ መሸጥ ጀመረ በሉ። 100 ፍሬ በ10፣ ከዚያ 100 ፍሬ በ12 ገዛ፤ 150 ሸጠ። በፊፎ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ስለሚወጣ የተሸጠው ዕቃ ወጪ 1,600፣ ቀሪው ክምችት 600 ነው። በሊፎ 1,700 እና 500። በአማካይ 1,650 እና 550። በሦስቱም ዘዴ ወጪውና ክምችቱ ሲደመሩ 2,200 ይመጣሉ፤ የከፈላችሁት ያው ነው፣ የምትከፋፍሉት በወጪና በክምችት መካከል ብቻ ነው። ሁልጊዜ በዚህ ድምር አረጋግጡ።

አጠራጣሪ ተሰብሳቢ ላይ፣ ከ5,000ው 4 በመቶ አይከፈልም ብለን ከገመትን የመጥፎ ዕዳ ወጪ ዴቢት 200፣ ለማይከፈለው የሚያዘው የመጠባበቂያ ሂሳብ ክሬዲት 200። በኋላ አንድ ደንበኛ በእርግጥ ሳይከፍል ሲቀር መጠባበቂያው ዴቢት፣ ተሰብሳቢው ክሬዲት ይደረጋል። ያኔ አዲስ ወጪ የለም። ወጪው ቀድሞ ተመዝግቧል።

የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም የባንኩን ቀሪ ከእናንተ መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ ሁለት ዓምድ አለው፤ የባንኩና የእናንተ። በባንኩ ዓምድ የሚስተካከለውን፣ ለምሳሌ ገና ባንክ ያልደረሰ ቼክ፣ ጆርናል ላይ አትጽፉትም። በእናንተ ዓምድ ያለውን፣ እንደ ባንክ የአገልግሎት ክፍያ ዓይነቱን፣ ትጽፋላችሁ። ከዚህ በላይ ብዙ ምሥጢር የለውም።

የቤት ሥራ ሲስተምና ፈተና

ራሱ የሚያርም ሲስተም ግትር ነው። የሂሳቡን ስም ከዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ካልመረጣችሁ፣ ዴቢቱን ቀድማችሁ ካልጻፋችሁ፣ ወይም መሐል ላይ ቁጥር ካጠጋጋችሁ ስህተት ሊላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ሙሉውን በወረቀት ጨርሱ፣ ከዚያ አስገቡ። የመጀመሪያውን ሙከራ «እስቲ ልየው» ብላችሁ አታባክኑት። መልሱን ሞክሮ ሞክሮ ማግኘት ነጥብ ያስገኛል፣ ፈተና ቀን ግን አብሯችሁ አይመጣም።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቻት መጠቀም ከተፈቀደላችሁ የቤት ሥራውን አትስጡት። ይልቅ «ለአንድ የጥገና ድርጅት አሥር ግብይት ስጠኝ፣ መልሱን ግን አትናገር» በሉት። መልሱን ሲሰጣችሁም ግራና ቀኙን ራሳችሁ ደምሩ፤ በሙሉ እምነት የተሳሳተ ሂሳብ ሲጽፍ ይገኛል።

መምህር ስትጠይቁ «ምዕራፍ 3 አልገባኝም» አትበሉ። ኦንላይን ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ «ቪዲዮውን ድገሙት» የሚል መልስ ነው የሚያመጣው። የጥያቄውን ቁጥር፣ የሠራችሁትን ምዝገባና የተጠራጠራችሁበትን መስመር ላኩ። «18,000ውን ሀብት ያደረግኩት ገና ስላልኖርንበት ነው፤ ሲስተሙ ግን ወጪ ይላል፣ ለምን?» ዓይነት ጥያቄ ባለ ሁለት መስመር ግልጽ መልስ ያገኛል። አንዳንዴ የጥያቄው ቃል ውስጥ «የወሩ ኪራይ» የሚል አልፏችሁ ይሆናል።

ፈተናው በካሜራ የሚጠበቅ ከሆነ ሶፍትዌሩን ከቀናት በፊት ሞክሩት፤ ለመሞከሪያ የሚሆን ባዶ ወረቀትና ካልኩሌተር መፈቀዱንም አረጋግጡ። ሰዓቱ ሲጀምር አምስቱን ወገኖችና የሚጨምሩበትን ጎን በወረቀቱ ራስ ላይ ጻፉ። ረጅሙ ጥያቄ ላይ ባላንስ ሺቱ እኩል አልመጣ ካለ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስጡት። ልዩነቱን ለ2 እና ለ9 ሞክሩ፣ ካልተገኘ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። የምርጫ ጥያቄዎቹ ሲያልቁ ትመለሱበታላችሁ።